ከንፈርሽ አይንቀሳቀስ

ፓላያምኮታይ፣ ሜይ 6

ከሩቅ ሆኜ እግርሽን ለምነካሽ፣ ምርቃትሽን ለምጠብቅሽ፣ ለትልቋ እናቴ ለፔሪያማ፣

እንደምን አለሽልኝ? የሙስካት ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ጉልበትሽስ? እኔም፣ ቤቱም፣ ጓሮ ያለው የሽፈራው ዛፍም በአምላካችን በእናት ኢሳክኪ ጥበቃ ደህና ነን።

በደብዳቤ መምጣቴ እንደሚያስደነግጥሽ አውቃለሁ። «ስልክ እያለ ምን ነክቷት ነው?» ትያለሽ። ስልኬን ለሻንቲ አክካ አስረክቤያታለሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ለኢድሊ ቂጣ የሚሆን የሩዝ ሊጥ ለምትሸጠው ጎረቤታችን። እስከ ፈተናዬ ቀን ብለምናትም ባለቅስም እንዳትሰጠኝ አስምያታለሁ፤ እሷም ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ቆልፋበታለች። ትናንት «ሰዓት ብቻ ልይበት» ብዬ ብሄድ «ቤትሽ ግድግዳ ላይ ሰዓት የለም እንዴ?» ብላ አንድ ኪሎ ሊጥ ሸጣልኝ መለሰችኝ። የሞት የሽረት ነገር ከመጣ ለእሷ ደውዪ።

ፈተናው ጁላይ 8 ነው። የክላውድ ሙያ ማረጋገጫ ይሉታል። አለቃችን ሰብስቦን «እስከ ኦገስት መጨረሻ ይህን የምስክር ወረቀት ያመጣ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል፤ ያላመጣ ዕድሉን ይሞክር» አለን። እኔ ቋሚ ከሆንኩ ደግሞ አንቺ እዚያ የምትቀመጪበት ምክንያት የለም። ኮንትራትሽ በኦገስት መጨረሻ እንደሚያልቅ አልረሳሁም። እናቴ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንቺ አሳደግሽኝ፤ ከዚያ ኮሌጅ እንድገባ ብለሽ ሄድሽ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነ እኮ። ይበቃል።

አንድ ነገር ብቻ ማይልኝ፤ እስክፈተን ድረስ ኮንትራትሽን የሚያራዝመውን የሁለት ዓመቱን ወረቀት አትፈርሚ።

ልጅሽ ሙቱሴልቪ


ሙስካት፣ ሜይ 21

ዓይኔ ሴልቪ፣

ያሳደገችሽ የፔሪያማሽ ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ። እናት ኢሳክኪ ከፊትሽ ትቅደም፤ ያነበብሽው ይያዝልሽ፤ የያዝሽው አይጥፋብሽ።

ደብዳቤሽን የምጦራቸው አሮጊት የቢቢ ዙወይና ልጅ ነው ይዞልኝ የገባው። ቢቢ ፖስታውን ሲያዩ «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ማንም አልሞተም፤ ልጄ ስለ ደመና ልትፈተን ነው» አልኳቸው። ብዙ አሰቡና «ታዲያ ወደዚህም ዝናብ ትላክልን» አሉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ነገር ግን አያመልጣቸውም።

በይ አሁን ስሚኝ። እንዴት እንደምታነቢ ታውቂያለሽ አይደል? ጮክ ብለሽ! እኔ ማድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ቢዲውን፣ የቅጠሉን ሲጋራ፣ ስጠቀልል እጄ ሥራው ላይ፣ ጆሮዬ አንቺ ጋ ነበር። ድምፅሽ ከቆመ በመቀሴ ሰፌዱን ሳንኳኳ ወዲያው ትቀጥያለሽ። ከምታነቢው እንግሊዝኛ አንድም ቃል ገብቶኝ አያውቅም። ግን ድምፁ እስካለ ድረስ ልጄ እየተማረች ነው እል ነበር፤ ሺውን ቢዲ የምጨርሰው በዚያ ድምፅ ነው። ዝም ብሎ የሚያነብ ልጅ እያነበበ ሳይሆን እያንቀላፋ ነው።

ስለ መፈረም አታስቢ። እሱን ለኔ ተይው።

በጨውና በበርበሬ የተዘፈዘፈ ሎሚ የሚያደርስልኝ ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ። ደግሞ ፊደልሽ ጉንዳን የተሰለፈበት ይመስላል፤ ተለቅ አድርገሽ ጻፊ።

ፔሪያማሽ ፔቺያማል


ፓላያምኮታይ፣ ጁን 4

ምርቃቷ ቀድሞኝ ለሚሄድ ለፔሪያማ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ቢቢ ዙወይናስ? ዝናቡን በሚመለከት ንገሪያቸው፤ እዚህም ቢሆን የምናየው ከተራራው የሚነፍሰውን ካፊያ ብቻ ነው። ሎሚውን ወደ ሙስካት በምትመለሰው በአሩልራጅ ሚስት በኩል ልኬልሻለሁ። ጠርሙሱን በሦስት ፌስታል ጠቅልዬዋለሁ፤ ቢፈስ የእሷ ሻንጣ ይበላሻል እንጂ የኔ ስም አይጠፋም። ፊደሌንም አተለቅሁት። ይኸው፣ ጉንዳኑ ዝሆን ሆነልሽ።

ክላውድ የሚሉት ነገር እኮ ሰማይ ላይ የለም። ሩቅ ቦታ የተሠራ፣ እንደኛ የሩዝ መጋዘን የሰፋ አዳራሽ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኮምፒውተር የሞላበት። ባንኩም ሆስፒታሉም የራሱን ከሚገዛ እዚያ ይከራያል። ጥያቄዎቹ ታዲያ እንዲህ ያሉ ናቸው፦ «አንደኛው አዳራሽ መብራት ቢጠፋበት ምን ታደርጋለህ?» መልሱ፣ የዕቃህን ቅጂ ሌላ ከተማ ባለ አዳራሽ ቀድመህ አስቀምጥ ነው።

እኔን የሚያስቸግረኝ አንድ ምዕራፍ ነው። የኃላፊነት ክፍፍል ይሉታል። አከራዩ ሕንፃውን፣ መብራቱንና ዘበኛውን ይጠብቃል፤ ተከራዩ ውስጥ ያስቀመጠውን ዕቃና ቁልፉን ይጠብቃል። ሲነገር ቀላል ነው። ጥያቄ ሲሆን ግን የአንዱ ኃላፊነት የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር ይጠፋኛል፤ ሁሉንም የኔ አደርገዋለሁ።

እንዳልሽው ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ሻንቲ አክካ ከማዶ «ዛሬ ደግሞ ሦስተኛውን ምዕራፍ ደገምሽው፤ እኔም ልፈተን ነው መሰለኝ!» ትለኛለች። ደንበኞቿም ሊጥ እየተቀበሉ ያዳምጣሉ።

ስለ ወረቀቱ ምንም አላልሽኝም። አልፈረምሽም አይደል?

ሴልቪ


ሙስካት፣ ጁን 20

ዓይኔ፣

ደህና ነኝ። ሎሚው ሳይፈስ ደረሰ። ቢቢ አንዷን ቀምሰው እንባቸው ወረደና ሁለተኛ ጠየቁ።

ስለ አዳራሹ የጻፍሽውን ገባኝ። ቅጂ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። እኛ ግን አንድ ቤት፣ አንድ ልጅ፤ ቅጂ የለን። ስለዚህ በደንብ ብዪ፣ በደንብ ተኚ።

በሰማያዊ ቀለም አትጻፊልኝ፤ በጥቁር ይሁን። ደግሞ አታብዢው፤ አንድ ገጽ ይበቃል።

ፔሪያማሽ


ፓላያምኮታይ፣ ጁላይ 9

ለፔሪያማ፣

በጥቁር ጽፌያለሁ። አንድ ገጽም አይሞላም።

ፈተናው ተላልፏል። ትናንት ልክ ስጀምር መብራት ጠፋ፤ ቀኑንም ሙሉ አልመጣም። ሌላ ቀን ይሰጡኛል።

ደብዳቤዬ ከበዛብሽ ይቅርታ። ሥራ እንደሚበዛብሽ አላሰብኩም ነበር።

ሴልቪ


ሙስካት፣ ጁላይ 21

ዓይኔ ሴልቪ፣

እናት ኢሳክኪ ሆድሽን ታብርደው፣ ሐሳብሽን ትሰብስበው።

ፈተናሽ እንዴት እንደሆነ መጠበቅ አቅቶኝ በዚያው ዕለት ማታ ለሻንቲ ደውዬላት ነበር። «ደህና ናት፤ ገብታ ተኝታለች» አለችኝ። እሷስ ምን ስትሠራ እንደዋለች ጠየቅኋት። «የሠርግ ትእዛዝ መጥቶብኝ ስፈጭ ነዋ የዋልኩት! መፍጫው ግሎ ልቃጠል ብሎኝ ነበር» አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። አሁን ደብዳቤሽ ደረሰ፤ ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም ይላል። የሻንቲ መፍጫ ከመቼ ወዲህ ነው ያለ መብራት የሚሠራው? እንግዲህ መንገዱ ያንን ያህል ሰፍቶ መብራቱ ማዶና ማዶ ተለያይቶ እንደሆነ አላውቅም።

ልጄ፣ ይኼ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። አልተቆጣሁም። ሆድ ከአገር ይሰፋል፣ ሰው ስንቱን ችሎ ያድራል። ግን አንቺ ስትዋሺ ደብዳቤሽ ያጥራል፤ ልጅም ሆነሽ እንዲሁ ነበርሽ፣ የወደቅሽበትን ወረቀት ያመጣሽ ዕለት እራት ላይ አንድ ቃል አይወጣሽም።

የቢቢ ልጅ የሁለት ዓመቱን ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኑሮታል። እስከ ኦገስት ሃያ መልስ ይፈልጋል። አንቺም ለኔ መልስ አለብሽ። ምን ሆንሽ?

ፔሪያማሽ ፔቺያማል


ፓላያምኮታይ፣ ጁላይ 30

ለፔሪያማዬ፣

ይቅር በዪኝ። እግርሽ ላይ ወድቄ ነው የምልሽ። መብራቱ አልጠፋም ነበር።

ፈተናው እዚሁ ቤት፣ ኮምፒውተሬ ላይ ነው የሚሰጠው። ፈታኙ ሩቅ ሆኖ በካሜራ ያየኛል፤ እኔ አላየውም፣ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። ክፍሉ ውስጥ ማንም መኖር የለበትም። ካሜራውን አዙሬ አራቱንም ግድግዳ፣ ጠረጴዛውንም ከሥር አሳየሁት። የአያቴ ፎቶ ላይ ሲደርስ «ያ ሰውዬ ማነው?» አለኝ።

«አያቴ ነው።»

«ከክፍሉ ይውጣ።»

«ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ጌታዬ፣ ፎቶ ነው።»

«ቢሆንም ይውጣ።»

አያቴን ከነአበባ ጉንጉኑ አንስቼ ደጅ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። በሕይወቱ ማንም ካለበት አስነስቶት የማያውቅ ሰው! ሻንቲ አክካ ከማዶ አይታ «ምነው፣ ሽማግሌው ምን አጠፋ?» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ጀመርኩ። አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ድምፁ መጣ። «ከንፈርዎ እየተንቀሳቀሰ ነው። ለማን ነው የሚያነቡት?» አለኝ። ጥያቄውን ለሌላ ሰው እያነበብኩ መልስ የምቀበል መስሎታል። እኔ ከንፈሬ መንቀሳቀሱን አላወቅሁም ነበር። «ለማንም» አልኩት። ሃያኛው ላይ ደግሞ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ በኋላ አፌን እንቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ያን ጊዜ ፊደሉን አየዋለሁ እንጂ አይገባኝም። አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ አይቼው ምን እንደሚል አላውቅም። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሳላስበው አፌ ተከፈተ መሰለኝ፤ ፈተናው ተቋርጧል የሚል ጽሑፍ መጣና ሁሉም ነገር ጠፋ።

«ለማን ነው የሚያነቡት?» ሲለኝ «ለፔሪያማ» ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደብዳቤ ጽፌ ለምኜ አንድ ዕድል ሰጡኝ፣ ኦገስት 19። ማዱራይ ሄጄ በማዕከል እንዳልፈተን እስከ ሴፕቴምበር ወንበር የለም። ከዚህ በኋላም ሌላ ዕድል አይኖርም፤ የቢሮው ቀን ያልፋል። ሻንቲ አክካ የሊጥ ጭልፋዋን ይዛ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ከንፈሬ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠረጴዛውን ትመታለች። ጠረጴዛው ተሰነጠቀ እንጂ ከንፈሬ አልታረመም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያነበብኩት፤ አሁን በሁለት ሳምንት እንዴት ነው የምተወው?

ብትፈርሚ አልፈርድብሽም። ፈርሚው።

ሴልቪ


ሙስካት፣ ኦገስት 8

ዓይኔ፣ የኔ ሴልቪ፣

መስመሩ ቢጣመምብሽ ታገሺኝ።

ደብዳቤሽን አንብቤ አለቀስኩ፣ ከዚያ ስለ አያትሽ ያለውን ደግሜ አንብቤ ሳቅሁ። አባቴ እንኳን የፈተና ጊዜ ከቤት ወጣ! በሕይወት እያለ ስታጠኚ ራዲዮ ዝጋ ስንለው እምቢ ይል የነበረ ሰው። የእጁን አገኘ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጮክ ብለሽ አንብቢ ያልኩሽ ለአንቺ ትምህርት ብቻ ብዬ መሰለሽ? ባሌ ከሞተ፣ እህቴን ከቀበርኩ በኋላ ያ ቤት ዝም ሲል ያስፈራኝ ነበር። ድምፅሽ ነው ያኖረኝ። ለኔ ነበር የምታነቢው፤ ከንፈርሽም እስከ ዛሬ ለኔ እያነበበ ኖረ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ለኔ አታንብቢ። እኔው ነኝ ያስለመድኩሽ፣ እኔው ፈታሁሽ።

ዘዴውን ደግሞ ልንገርሽ። እዚህ የመጣሁ ዓመት ቢቢ እንቅልፋቸው እንደ ወፍ ነበር፤ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይነቃሉ። የኮሌጅ ደብዳቤዎችሽን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር የማነበው፤ እኔም እንዳንቺ ካላጉረመረምኩ አይገባኝም። ታዲያ ከንፈርን መያዝ ዋጋ የለውም። የሚናገረው ምላስ ነው። ምላስሽን ከላይ፣ ከጥርስሽ ጀርባ ላንቃሽ ላይ ለጥፊው፤ እዚያው ይተኛ። ከንፈርሽ ብቻውን የት ይሄዳል? መጀመሪያ ያፍናል። በሦስተኛው ቀን ድምፁ ከአፍሽ ወጥቶ ጭንቅላትሽ ውስጥ ይገባል። ለኔ የመጣው ያንቺ ድምፅ ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ፈታኙም አይገባም።

አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው። አንቺ እውነቱን ካወጣሽው እኔስ ምን እደብቃለሁ። ፊደል አተልቂ፣ በጥቁር ጻፊ፣ አታብዢ ያልኩሽ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፣ ሁለቱንም። ደብዳቤሽን ቀትር ላይ ሰገነት ወጥቼ፣ በቢቢ ማጉያ መነጽር፣ ፊደል በፊደል ነው የማነበው። አንዱን ገጽ ሁለት ቀን ይወስድብኛል። አጭር ጻፊ ብዬሽ እንደተቀየምሽኝ ገብቶኛል፤ ያቺን ባለ ሰባት መስመር ደብዳቤሽን ይዤ እንዴት እንዳዘንኩ አትጠይቂኝ።

ወረቀቱን አልፈርምም። ይህን የቆረጥኩት ጁን ላይ ነው። ቢቢ ሁለት ጠርሙስ አላቸው፣ አንዱ የዓይን ጠብታ አንዱ የጆሮ። የጆሮውን ይዤ ዓይናቸው ላይ ልጥል ስል ሽታው ነው ያዳነኝ። ለልጃቸው ነገርኩት፤ ደግ ሰው ነው፣ ሐኪም ቤት ይዞኝ ሄደ። ሐኪሙም በቀዶ ሕክምና ይነሳል አለኝ፤ ለዚያ ደግሞ አገሬ ይሻለኛል። ላንቺ ያልነገርኩሽ መጽሐፍሽን ጥለሽ ለኔ ዓይን እንዳትሮጪ ነው።

ስለዚህ ብታልፊም ብትወድቂም እመጣለሁ። ያቺ የሚያስቸግርሽ ምዕራፍ ትዝ አለችኝ። ዓይኔ የኔ ኃላፊነት ነው፤ መምጣቴም የኔ። ያንቺ ፈተናው ብቻ ነው። ሁሉንም ያንቺ አታድርጊው።

በይ፣ ምላስሽን አስተኚው። ከንፈርሽ አይንቀሳቀስ። ሙሉ ምርቃቴ ካንቺ ጋር ነው።

ፔሪያማሽ ፔቺያማል


ፓላያምኮታይ፣ ኦገስት 31

ዓይኔ ብላ ላሳደገችኝ፣ እግሯን በእጄ ልነካ ሁለት ቀን ለቀረኝ ለፔሪያማዬ፣

ማለፌን በስልክ ነግሬሻለሁ፤ ግን አንቺም እኔም እያለቀስን፣ ሻንቲ አክካም ከኋላ እየጮኸች ስለነበር ዝርዝሩን የሰማሽው አይመስለኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከፈተናው ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። አንብቤ ስጨርስ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ። ባለ ሰባት መስመሩን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ተቀይሜሽ ነበር፤ አንቺ ግን ፀሐይ ላይ ቆመሽ ነው ያነበብሽው። ይህን መቼም አልረሳውም። ከዚያ ግን እንዳልሽው ምላሴን ላንቃዬ ላይ ለጠፍኩት። የመጀመሪያው ቀን አፈነኝ። በሁለተኛው ቀን ሻንቲ አክካ ጭልፋዋን ይዛ መጥታ ሩብ ሰዓት አየችኝና «ምን ሆንሽ? ታመምሽ እንዴ?» አለች። በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ጨርሼ ነው ከንፈሬ እንዳልተንቀሳቀሰ ያወቅሁት። ጭንቅላቴ ውስጥ የሚያነብልኝ ድምፅ መጣ፤ የኔ ግን አልነበረም። እንግሊዝኛውን የምታነብልኝ አንቺ ነበርሽ፣ አንድም ቃል የማይገባሽ ሴትዮ!

የፈተናው ዕለት አያቴን ቀድሜ አወጣሁት፤ ሻንቲ አክካ ወስዳ ሱቋ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ «ገበያ ያያል» ብላ። ፈታኟ ሴት ነበረች። ግድግዳው ላይ እንሽላሊቷ ጮኸች፤ «ምንድን ነው ያ ድምፅ?» አለችኝ። «እንሽላሊት ናት እመቤቴ፣ እኛ አገር ስትጮህ ለመልካም ነው» አልኳት። ሳቀች መሰለኝ። አርባ አራተኛው ጥያቄ ያው የኃላፊነት ክፍፍል ነበር። አከራዩ ምኑን ይጠብቃል፣ ተከራዩ ምኑን? አልተሳሳትኩም። ሁሉንም የኔ አላደረግሁትም።

መጨረሻ ላይ «አልፈዋል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ካሜራው እስኪዘጋ ከንፈሬን አልከፈትኩም። ከተዘጋ በኋላ የጮኽኩትን ጩኸት ግን የሊጥ ደንበኞች ሁሉ ሰምተውታል። ሻንቲ አክካ ቆርቆሮውን ከፍታ ስልኬን ስትሰጠኝ ሩዝ ሩዝ ይሸት ነበር፤ እስካሁንም ይሸታል።

ሰኞ ቋሚ ሠራተኛነቴን ፈርሜያለሁ። የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ፈቃድ ወስጃለሁ። መጀመሪያ አንዱን ዓይን ይሠሩታል፣ ከወር በኋላ ሁለተኛውን። እስከዚያ ዓይንሽ እኔ ነኝ። ስሜን ጠርተሽኝ የምታውቂው ጥቂት ቀን ነው፤ ሌላውን ሁሉ «ዓይኔ» ነው ያልሽኝ። ይኸው ሥራዬን ልጀምር ነው።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልወስደውም። ብልከው መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ፤ ማጉያ መነጽሩንም ለቢቢ መልሰሽ ነው የምትመጪው። ቅዳሜ ከትሪቫንድረም አውሮፕላን ማረፊያ ይዤሽ ስመጣ፣ እግርሽን ከታጠብሽና ከበላሽ በኋላ፣ ማድ ቤት ደጃፍ በቦታሽ ትቀመጫለሽ። ሰፌዱን ከተሰቀለበት አውርጄ አራግፌዋለሁ፤ መቀሱንም አግኝቼዋለሁ። እኔ እዚያው የድሮ ቦታዬ ላይ ሆኜ ይህን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ።

ድምፄ ከቆመ ሰፌዱን አንኳኪ።

ሴልቪ